የኢንተርኔቱ በር ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በዚህ ወር ዐምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በተለይ በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦቻችንን ይመለከታል። ይኸውም በቴሌቪዥን ኬብል በኩል ኢንተርኔትን ወደ ቤት የሚያስገባው ሞደም ከቤት ኮምፒዩተር ጋር እንዴት እንደሚገናኝና እንዴት እንደሚስተካከል ነው። በዋሽንግተን ዲሲም ሆነ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትልም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ብዙ ቤቶች ኢንተርኔት የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው። አገር ቤት ያለው አንባቢ መስመሩ የተለየ ቢሆንም ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሥራ ለእርሱም ያው ስለሆነ ይጠቀምበታል። ልዩነቱን ወደ መጨረሻው እናመለክታለን።

ጉዳዩን ማንሳት ያስፈለገበት ምክንያት አለን። በብዙ ቤት ይህ ሥራ የተተወው ለልጆች ነው። መስመሩ ሲቋረጥ እናት «ልጄ፣ ይህ ነገር ደግሞ ምን ሆነ?» ብትል የምታገኘው መልስ «እማዬ፣ አንቺ አትነካኪው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» የሚል ነው። ልጁ መቻሉ በራሱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ወላጆች የመሣሪያውን የይለፍ ቃል ሳያውቁ፣ በመስመራቸው ማን እንደሚጠቀም ሳይለዩ፣ በየወሩ የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው ዓመታት ያልፋሉ። የመኖሪያ ቤታቸውን ቁልፍ ለ14 ዓመት ልጅ ብቻ ሰጥተው ራሳቸው ከደጅ የሚያንኳኩ ወላጆች አሉ ብንባል እንስቅ ነበር። በኢንተርኔቱ በር በኩል ግን ይኸው ሲደረግ ማንም አይደነቅም። ሥራው ደግሞ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም፤ አንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ኬብል ሞደም ምንድን ነው?

የኬብል ቴሌቪዥን በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ገደማ ነው። ተራራ ስለሚከልላቸው የቴሌቪዥን ሥርጭት የማይደርሳቸው ትናንሽ ከተሞች ነበሩ። በእነዚህ ከተሞች ከፍ ካለ ቦታ ላይ አንድ ትልቅ አንቴና ይተከልና ሥርጭቱ ከዚያ በሽቦ ወደየቤቱ ይደርስ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሽቦ ኮአክሲያል ኬብል ይባላል። በመካከሉ አንድ ወፍራም ሽቦ አለ፤ ሽቦው በነጭ መከላከያ ተሸፍኗል፤ በመከላከያው ላይ የብረት ጥልፍልፍ አለ፤ ከሁሉም ውጭ የፕላስቲክ ልባስ ይገኛል። ጥልፍልፉ ከውጭ የሚመጣ ሞገድ ገብቶ ሥርጭቱን እንዳይረብሽ ይጠብቃል።

ይህ ሽቦ በአንድ ጊዜ ብዙ የቴሌቪዥን ቻናሎችን ስለሚሸከም ከእነርሱ ጥቂቶቹን ለኮምፒዩተር መረጃ ማዋል እንደሚቻል ታወቀ። በመጀመሪያ እያንዳንዱ አምራች የየራሱን ሞደም ይሠራ ስለነበር የአንዱ ከሌላው ጋር አይግባባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ኬብልላብስ የተባለው የኬብል ኩባንያዎች የምርምር ተቋም ዶክሲስ የሚባለውን የጋራ ደረጃ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሱቅ የተገዛ ሞደም በተለያዩ ኩባንያዎች መስመር ላይ ሊሠራ ቻለ። ዶክሲስ 3.0 በ2006፣ ዶክሲስ 3.1 ደግሞ በ2013 ወጥተዋል። ሞደም ሲገዛ በመጀመሪያ የሚታየው ይህ ቁጥር ነው።

ስለ ፍጥነት ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ኩባንያዎች ፍጥነትን የሚናገሩት በሜጋቢት ሲሆን የምናወርደው ፋይል መጠን ግን በሜጋባይት መነገሩ ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 100 ሜጋቢት የተባለ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ያወርዳል። ስለዚህ «ተታለልን» ከማለት በፊት ለ8 ማካፈል ነው። ሁለተኛው የመውጫው መንገድ ከመግቢያው የጠበበ መሆኑ ነው። በሰሜን አሜሪካ አንድ ቻናል 6 ሜጋኸርዝ ስፋት አለው፤ በዚያ ውስጥ ወደ ቤት የሚመጣው መረጃ በሰከንድ 38 ሜጋቢት ያህል ነው። ዶክሲስ 3.0 ብዙ ቻናሎችን አጣምሮ መጠቀምን ስላመጣ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ከፍ ብሏል። ከቤት ወደ ውጭ የሚሄደው መረጃ ግን ለብዙ ዓመታት ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ ባለው ጠባብ ክልል ተወስኖ ቆይቷል፤ ዛሬም ያልሰፋባቸው አካባቢዎች አሉ። በአንድ ቤት ፊልም ያለ ችግር እየታየ ከአያት ጋር በቪዲዮ ሲነጋገሩ «አልታያችሁኝም፣ ተቆራረጣችሁ» የሚባለው አንዳንዴ በዚህ የተነሣ ነው።

ከግድግዳው እስከ ኮምፒዩተሩ

መሣሪያዎቹን እንደ ሰንሰለት ማሰብ ይቀላል። ሰንሰለቱ ከግድግዳው የኬብል ሶኬት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሞደም፣ ከዚያ ራውተር፣ በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ይመጣል። ሞደሙ አስተርጓሚ ነው። በኬብሉ የሚመጣውን ሞገድ ኮምፒዩተር ወደሚረዳው ቋንቋ ይለውጣል፤ የኮምፒዩተሩንም መልሶ ወደ ሞገድ ይለውጣል። ራውተሩ ደግሞ በረኛ ነው። አንዱን መስመር ለቤቱ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ሁሉ ያከፋፍላል፤ ያልተጠራ እንግዳም ከውጭ ዘው ብሎ እንዳይገባ ይከላከላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተሠርተው ይመጣሉ።

የበረኛውን ጥቅም ለመረዳት ወደ 1990ዎቹ መጨረሻ መመለስ ነው። ያኔ ብዙ ሰዎች አንዷን ኮምፒዩተራቸውን ያለ ራውተር በቀጥታ ከሞደሙ ጋር ያገናኙ ነበር። የአንድ ሰፈር ቤቶች መስመር የጋራ በመሆኑ፣ በዊንዶውስ ላይ ፋይል ለሌላ የማጋራት ፈቃድ ክፍት ሆኖ ከተገኘ ጎረቤት የጎረቤቱን ፋይሎች እስከ ማየት ይደርስ ነበር። ዛሬም ቢሆን ኮምፒዩተርን ያለ ራውተር በቀጥታ ከሞደም ጋር አገናኝቶ መተው አይመከርም።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ኬብሉን ከግድግዳው ሶኬት ወደ ሞደሙ ማሰር። ጫፉ ላይ ያለው ክብ ብረት በእጅ ተጠምዝዞ እስኪጠብቅ ድረስ መታሰር አለበት፤ የላላ ማሠሪያ የብዙ መቆራረጥ ምክንያት ነው። በመካከል ስፕሊተር የሚባለው ማከፋፈያ ካለና የማያስፈልግ ከሆነ ይውጣ። ለሁለት የሚከፍል ማከፋፈያ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከሲግናሉ ኃይል ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሰጣል። ከዓመታት በፊት ለቴሌቪዥን ተብለው የተቀጣጠሉ ማከፋፈያዎች ከሶፋ ጀርባ ተረስተው ሊገኙ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ሞደሙን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝቶ መጠበቅ። በዚህ ጊዜ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሞደሙ በመጀመሪያ ከኩባንያው የሚመጣውን ቻናል ይፈልጋል። ሲያገኝ «እኔ እዚህ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ኩባንያው ዘንድ ያለው መሣሪያም ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ዝቅ አድርግ እንደ ማለት የሲግናሉን ኃይል ያስተካክልለታል። ከዚያ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የአገልግሎቱ ፍጥነት የተጻፈበት ትንሽ ፋይልም ይላክለታል። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል። ሲያልቅ የመስመሩ መብራት ሳይርገበገብ በርቶ ይቀራል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መርገብገቡን ካላቆመ ችግሩ በኬብሉ ወይም በኩባንያው በኩል ነው እንጂ በኮምፒዩተሩ አይደለም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን መነካካት ጊዜ ማባከን ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሞደሙን ማስመዝገብ። ከሞደሙ በታች በተለጠፈው ወረቀት ላይ ማክ አድራሻ የሚባል 12 ምልክቶች ያሉት መለያ አለ፤ ከ0 እስከ 9 ባሉ አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈ ነው። ኩባንያው ይህን መለያ በደንበኛው ስም ካልመዘገበ ሞደሙ ቢበራም ኢንተርኔት አይሰጥም። ወደ ኩባንያው ከመደወል በፊት መለያውን በወረቀት ገልብጦ መያዝ ብዙ ድካም ያስቀራል።

አራተኛ፣ ራውተሩን ማገናኘት። ኤተርኔት የሚባለው ሽቦ አንድ ጫፉ ከሞደሙ፣ ሌላው ከሌሎቹ ቀዳዳዎች ተለይቶ ለኢንተርኔት ተብሎ ምልክት በተደረገበት የራውተሩ ቀዳዳ ይገባል። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ አንድ ጠባይ እዚህ ላይ አለ። አብዛኛው ሞደም ሲበራ መጀመሪያ የተገናኘውን መሣሪያ ያስታውሳል፤ በኋላ ሌላ መሣሪያ ቢተካ አላውቅህም ይለዋል። ስለሆነም አዲስ ራውተር ወይም አዲስ ኮምፒዩተር በተቀየረ ቁጥር ሞደሙን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ አንድ ደቂቃ ያህል ማቆየትና መልሶ መሰካት ያስፈልጋል። የስልክ አገልግሎት ጭምር የሚሰጡ አንዳንድ ሞደሞች የውስጥ ባትሪ ስላላቸው ከኤሌክትሪክ ቢነቀሉም አይጠፉም፤ ባትሪውም መውጣት አለበት።

አምስተኛ፣ ኮምፒዩተሩን ማስተካከል። እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ከሁሉም ያነሰ ነው። በኮምፒዩተሩ የኔትወርክ ማስተካከያ ገጽ ላይ የአይፒ አድራሻውም ሆነ የዲኤንኤሱ አድራሻ በራሱ ጊዜ እንዲገኝ የሚለው ምርጫ መመረጥ አለበት። ራውተሩ ዲኤችሲፒ በሚባለው ሥርዓት ለእያንዳንዱ መሣሪያ አድራሻ ያድላል። ቀድሞ በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ኮምፒዩተር ከሆነ ግን በእጅ የተጻፈ አሮጌ አድራሻ ተረስቶበት ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ካልተነሣ መስመሩ አይሠራም።

ቁጥሮቹ ምን ይነግሩናል?

ኢንተርኔት ሲጠፋ ሰዎች ሁሉንም ነገር እየነቀሉ መሰካት ይቀናቸዋል። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየውን አይፒ አድራሻ ማንበብ ግን ችግሩ ከሰንሰለቱ በየትኛው ቀለበት ላይ እንዳለ ይጠቁማል።

አድራሻው በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ ጋር ተግባብቷል ማለት ነው። ይህ ከ1996 ጀምሮ ለቤትና ለመሥሪያ ቤት የውስጥ አገልግሎት ብቻ ከተለዩት አድራሻዎች አንዱ ክፍል ነው። በ10 የሚጀምርም ቢሆን ያው ነው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ በማጣቱ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው። ያኔ በኮምፒዩተሩና በራውተሩ መካከል ያለውን ሽቦ ወይም ዋይፋይ መመርመር ነው።

የውስጥ አድራሻው ትክክል ሆኖ ኢንተርኔት ከሌለ ወደ ሞደሙ መሄድ ነው። ከብዙዎቹ የኬብል ሞደሞች በብራውዘር ላይ 192.168.100.1 ተብሎ ሲጻፍ ስለ ራሳቸው ሁኔታ የሚናገር ገጽ ይከፈታል። በዚያ ገጽ ላይ ወደ ቤት የሚመጣው ሲግናል ኃይል ዲቢኤምቪ በሚባል መለኪያ ተጽፎ ይታያል። ደረጃው የሚፈቅደው ከ15 በታች ኔጋቲቭ ያልወረደና ከ15 በላይ ፖዘቲቭ ያልወጣ እንዲሆን ነው፤ ለዜሮ የቀረበው ይመረጣል። ከዚህ ወሰን የወጣ ከሆነ ቁጥሩን ጽፎ ለኩባንያው መንገር ነው። «አይሠራም» ከሚል ደንበኛ ይልቅ ቁጥር የሚጠቅስ ደንበኛ ባለሙያ በቶሎ እንደሚላክለት መገመት አያዳግትም።

ስለ ይለፍ ቃል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። ራውተሩ ሁለት ቁልፍ አለው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን አንዱን ነው። አንደኛው ለእንግዳ ጭምር የምንነግረው የዋይፋዩ ይለፍ ቃል ነው። ሁለተኛው ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ የሚያስገባው ነው። ሁለተኛውን የያዘ ሰው የመጀመሪያውን እንደ ፈለገ ይቀይራል፤ መስመሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ማን እንደተገናኘም ያያል። የቤቱ እውነተኛ ቁልፍ ይህ ነው።

ይህ ቁልፍ ከፋብሪካ እንደ መጣ ሲቀር የሚያስከትለው ጉዳት በ2016 ዓለም ሁሉ ያየው ነው። ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከ60 በላይ የሚሆኑ የታወቁ የፋብሪካ ስሞችና የይለፍ ቃላት ዝርዝር ይዞ በየቤቱ ያሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን እየሞከረ ከፈተ። በኦክቶበር 21 ቀን 2016 በእነዚህ መሣሪያዎች አማካይነት በተከፈተ ጥቃት በአሜሪካና በአውሮፓ ትላልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋረጡ። የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች ግን ቤታቸው ለጥቃት መሣሪያ እንደሆነ እንኳ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ስለሆነም ሁለቱም የይለፍ ቃላት ይቀየሩ። አንዱ ከሌላው የተለየ፣ ረዘም ያለ፣ የልጅ ስም ወይም የልደት ዓመት ያልሆነ ይሁን። ለዋይፋዩ የጥበቃ ዓይነት ደብሊውፒኤ 2 ወይም ከ2018 ወዲህ የመጣው ደብሊውፒኤ 3 ይመረጥ። ደብሊውኢፒ የሚባለው አሮጌው ዓይነት ከ2001 ጀምሮ በቀላሉ እንደሚሰበር የታወቀ ነውና አይታመንም። የራውተሩ ፕሮግራም በራሱ ጊዜ እንዲታደስ የሚያደርግ ምርጫ ካለ ይከፈት። በመጨረሻም ቃላቱ በወረቀት ተጽፈው ፓስፖርትና የቤት ውል በሚቀመጡበት ይቀመጡ።

ልጆችን በሚመለከት

ከማስተካከያው ገጽ ላይ ሊደረጉ ከሚችሉት ሁሉ ለቤተሰብ በጣም የሚጠቅመው የዲኤንኤሱን አድራሻ መለወጥ ነው። ዲኤንኤስ የኢንተርኔቱ የስልክ ማውጫ ነው፤ የድረ ገጹን ስም ስንጽፍ ቁጥሩን ፈልጎ ያመጣል። ጸያፍ ገጾችን ከማውጫው የሚያስቀሩ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። ለምሳሌ ክላውድፍሌር እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤተሰብ የከፈተው 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 የሚል ነው። የኦፕንዲኤንኤስ ደግሞ 208.67.222.123 እና 208.67.220.123 ነው። ከእነዚህ አንዱ ጥንድ በራውተሩ ላይ ከተጻፈ በቤቱ መስመር የሚጠቀም መሣሪያ ሁሉ፣ የእንግዳም ስልክ ቢሆን፣ በተጣራው ማውጫ ያልፋል።

ይህ ግን ሙሉ መከላከያ አይደለም። በስልኩ የራሱ የሞባይል መስመር የሚጠቀም ልጅን አይነካውም። ቪፒኤን የሚባለው ፕሮግራም ያልፈዋል። አንዳንድ ብራውዘሮችም የራሳቸውን ማውጫ ስለሚጠቀሙ ላይታዘዙት ይችላሉ። አጥር ሌባን ያዘገያል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ስለዚህ አጥሩን በድብቅ ከማጠር ይልቅ ለልጁ ነግሮት፣ ምክንያቱንም አስረድቶት መሥራት ይሻላል።

እንዲያውም እኛ የምንመክረው ሥራውን ከልጁ ጋር ሆኖ መሥራትን ነው። ልጁ ያሳይ፣ አባት ወይም እናት በእጃቸው ይሥሩ። ልጁ የሚያውቀውን ለወላጁ ማስተማሩ ያኮራዋል፤ ወላጁም «ይህ ምንድን ነው?» እያለ በመጠየቁ አይዋረድም። ሥራው ሲያልቅ ቁልፉ በወላጆች እጅ ይሆናል፤ ልጁም ተነጠቅሁ አይልም፤ ከእነርሱ ጋር ሠርቶታልና።

ስለ ክፍያ

በአሜሪካ የሚኖሩ አንባብያን ወርኃዊ ደረሰኛቸውን ይመልከቱ። የሞደም ወይም የራውተር ኪራይ ተብሎ የተጻፈ ሒሳብ ሊኖር ይችላል። በ2019 ወጥቶ ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ደንበኛው የራሱን መሣሪያ እየተጠቀመ ከሆነ ኩባንያው ላልሰጠው መሣሪያ ኪራይ እንዳያስከፍል ይከለክላል። የራስን ሞደም ለመግዛት ያሰበ ሰው ኩባንያው የሚቀበላቸውን ሞደሞች ዝርዝር አስቀድሞ ይጠይቅ። የተከራዩትን ሲመልሱም የመለሱበትን ደረሰኝ መያዝ አይዘንጋ።

አገር ቤት ላላችሁ

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ኬብል መረብ ስለሌለ በቤት የሚገባው ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ ወይም በፋይበር የሚመጣ ነው። ስለዚህ ስለ ኮአክሲያሉና ስለ ዲቢኤምቪው የተናገርነው እናንተን አይመለከትም። በምትኩ ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በራውተሩ ውስጥ መጻፍ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያንን ባለሙያው ይዞት እንዳይሄድ ጽፋችሁ አስቀሩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ማለትም 192.168ም ሆነ 169.254፣ ሁለቱ ቁልፎችም ሆኑ የተጣራው ማውጫ፣ አዲስ አበባም ደሴም ጅማም ያው ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያለው ቢኖር የራውተሩን የማስተካከያ ይለፍ ቃል ዛሬውኑ ያግኝ፤ የፋብሪካው ከሆነ ይለውጠው። የቀረው ቀስ ብሎ ይደረሳል። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እንገናኛለን፤ እስከዚያው በሰላም ቆዩን።